ለእንስራው ያልሰጠሁት ድምፅ

ታዴዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? እዚያ ላለ ሰው እንዴት ሰነበትክ ይባል እንደሆነ ቄሱን አልጠየቅኩም። ከተለየኸኝ ዛሬ አንድ ዓመት ከዘጠኝ ቀን ሆነ። የሙት ዓመት ተዝካርህን ባለፈው እሁድ አወጣን፤ የዕድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች ትናንት መጥተው ወሰዱ። ግቢው ባዶ ሲሆን ጠረጴዛህን ወለወልኩና ተቀመጥኩ። ከሥሩ ባለው ካርቶን ውስጥ ያልተጻፈበት ወረቀትህ ገና ብዙ ነው።

ስጽፍ ብታየኝ ትስቅ ነበር። ለጉለሌ ሰው ሁሉ ማመልከቻ ስትጽፍ ኖረህ ሚስትህን ፊደል ለማስቆጠር ግን ትዕግሥት አልነበረህም። አንድ ቀን ልታስተምረኝ ጀምረህ፣ «ሀ» ካለ ሌላው «ሐ» ለምን አስፈለገ ብዬ ብጠይቅህ «ዝም ብለሽ ጻፊ» አልከኝ፤ ሁለት ቀን ተኳረፍን። ኋላ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ነው በቀበሌው አዳራሽ፣ ልጅ ካዘሉ ሴቶች ጋር ተሰልፌ የተማርኩት። የምስክር ወረቀቴን መስታወት አስገብተህ ከራስህ ፎቶግራፍ በላይ ሰቀልከው። አሁንም እዚያው ነው።

ይህን የምጽፍልህ በሕይወት ሳለህ ልነግርህ የሚገባኝን ነገር ስላልነገርኩህ ነው። እሱም ስለ ድምፄ ነው፤ ከሄድክ በኋላ በእህቴ በወርቄ ላይ ያደረግኩትም አለ። ግን በቅደም ተከተል ልሂድ። ሰው እያለቀሰ ጠረጴዛህ ጋ ሲመጣ «ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ ልቅሶውን ለመጨረሻ ተዉት» ትል አልነበር?

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ልጃችን ማርታ ደህና ናት፤ እዚያው ትምህርት ቤቷ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ልጆቹ ላይ ስትጮህ ውላ ድምፅዋ ሰልሎ ትመጣለች። ጣሪያው በክረምቱ ሁለት ቦታ አፍስሶ ነበር፤ ባለሱቁ ጎረቤታችን ሙዘሚል ቆርቆሮ የሚያውቅ ሰው ልኮልን ተደፈነ። ጥቁር ኮትህን ለማንም አልሰጠሁም። የቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ እንደተውከው ነው። ትልቁ ወሬ ግን ቦኖው ነው። ውሃ ገባ ታዴ! ወደ ቀጨኔ የሚወርደው መንገድ አፍ ላይ፣ አንተ በየማመልከቻህ «አመቺ ቦታ» እያልክ በጻፍክበት ቆመ። በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ ግን ይመጣል። ለሸንጎ የተመረጠው ሰውዬ ራሱ መጥቶ መረቀው። ንግግር ሲያደርግ «ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ከወንዝ ሽቅብ ውሃ እየተሸከሙ» ሲል ሙዘሚል በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ቃሉ ያንተ ነበር። ለስንት ዓመት ጮክ ብለህ ስታነበው እየሰማሁ ጎመን ቀርድፌያለሁ፤ እንዴት አላውቀው? አልተናደድኩም። ሰውዬው ሲሄድ ተሰልፌ ቀዳሁ።

አንተ ግን ሦስት ጊዜ ተወዳድረህ ሦስት ጊዜ ወደቅክ። ሰው ይህን ሲያነሳ ፈገግ ይላል፤ እኔም እል ነበር። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በአንዲት ጠረጴዛና በላስቲክ ዳስ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ለሰው ስትጽፍ ኖርክ፤ ወረቀቱ ይሄዳል፣ አይመለስም። የቦኖው ማመልከቻ ብቻ ስንት ጊዜ ተጽፎ ሄደ! አንድ ቀን እራት እየበላን «ወረቀቱ የሚሄድበት ቦታ ሄጄ ልቀመጥ» አልክና ለፓርላማ ልወዳደር ነው ብለህ ነገርከኝ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንተ ደግሞ ሁለቱንም ሆንክ» አልኩህ። ሳቅክና እንጀራህን ጠቀለልክ።

ጊዜው የጃንሆይ ነበር። ለመወዳደር ንብረት መያዝ ግድ ስለነበረ ያባትህ ቤት ጠቀመህ። ምልክትህ ፋኖስ ነበር። ለድግስ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረህ ቀብር ነው የሄድከው። ጥቁር ኮትህን ለብሰህ የጉለሌን ቀብር ሁሉ አዳረስክ፤ የማታውቀውን ሰው አስከሬን ተሸከምክ፣ ቤት ገብተህ ተቀመጥክ፣ ለባለ ሐዘኑ የውርስ ወረቀት በነጻ ጻፍክ። አንድ ባለመሬት አሸነፈህ። ምርጫው ካለቀ በኋላም ቀብርህን አልተውክም፤ «አሁንማ ለማን ብለህ ነው?» ብልህ «ሞቱ አላለቀ» አልከኝ።

ወደ ሁለተኛው ምርጫ ከመሄዴ በፊት ስለራሴ ልጻፍ። አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን እኔ በእጄ ጽፌው አላውቅም። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር፤ ታናሽ እህቴ ወርቄም ትሠራለች። ሰው ምን እንደሚለን ታውቃለህ። ቡዳ ይሉናል። እንስራውን ከኛ ገዝተው ወገባቸው ላይ ያዝላሉ፣ የሠራችውን ሴት ግን ከገበታቸው አያቀርቡም። ስንጋባ እናትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አገሬን እንዳልናገር ለመኑኝ። ለጎረቤት የመንዝ ልጅ ናት ተባለ። አንተ ከፋህ፤ ለእናትህ ብለህ ዝም አልክ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አልከፋኝም። ደስ አለኝ።

እናቴን በዓመት አንዴ የማያት በመድኃኔ ዓለም ንግሥ ነበር። ያን ቀን ከተማው ሁሉ ወደ ቀጨኔ ስለሚወርድ የት ትሄጃለሽ የሚል የለም። ወርቄን ደግሞ አዲሱ ገበያ፣ ሸክላዋን ጭድ ላይ ዘርግታ በምትሸጥበት አገኛት ነበር። ቆሜ እንደ ማንኛዋም ገዢ እከራከራታለሁ፤ «ኧረ ቀንሺ እቴ» እላለሁ ጮክ ብዬ፤ እሷ ጎንበስ ብላ ጭዱን እያስተካከለች «እማዬ እግሯን አሟታል» ትለኛለች። ሰው እንዳይጠረጥር አንድ ነገር ገዝቼ እሄዳለሁ። ድስትና ገንቦው ማድቤቱን ሞልቶ መተላለፊያ ሲያሳጣህ «ይቺ ሴት ሱቅ ልትከፍትብኝ ነው» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። የሳቅኩ እየመሰልኩ እኖር ነበር።

ሁለተኛው ምርጫ ሲመጣ አንድ ከሰዓት በኋላ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘህ ገባህ። ዘረጋኸው። ከላይ ፎቶግራፍህ፣ ከሥሩ እንስራ። አስረዳኸኝ፤ የምትወዳደረው ስለ ውሃ ነው፣ እንስራ የሌለበት ቤት ደግሞ የለም፣ ማንበብ የማይችለውም ያውቀዋል። አነጋገርህ ልክ ነበር። ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ላንቺም ነው፣ አስኩ» አልከኝ። ክው ብዬ ቀረሁ። አንተ ስጦታ የሰጠኸኝ መስሎሃል። ለእኔ ግን ስሜን ግድግዳ ላይ የለጠፍከው ያህል ነበር።

አንተ ብዙ ሰው ታውቅ ነበር፤ ይህን ግን አላወቅክም። እንስራ እያንዳንዱ ቤት አለ፤ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አያነሳም። ወረቀቱ በአዲሱ ገበያ አጥር ሁሉ ላይ በተለጠፈ በሳምንቱ፣ ልጃቸውን እኔ ጋ ትተው ገበያ የሚሄዱት ጎረቤታችን እማማ ድንቄ መተው አቆሙ። ሌላዋ ጎረቤት ቤቷ ስገባ ወተቷን በሰፌድ የከደነች መሰለኝ። መስሎኝ ይሁን እውነት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ፈሪ ሰው ያላየውንም ያያል። ቀጨኔ የባሰ ነበር። ወርቄ ጭዷን እያስተካከለች እንደነገረችኝ የመንደሩ ወንዶች «ሰውዬው በድካማችን ይቀልዳል» ብለው ወረቀቱን ቀደውታል። የእኔ ባል መሆንህን እንኳ የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ። ከላይም ከታችም አጣህ።

አሁን ልቅሶው ጋ ደርሻለሁ፤ እንዳላለቅስ ልሞክር።

የምርጫው ቀን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ሄድኩ። ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጡኝና ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ያኔ ፊደል አላውቅም፤ ሥዕሉን ግን አውቀዋለሁ። እንስራው አንገቱ ትንሽ ጠምሞ ነበር የተሣለው፤ እናቴ ብታየው አፍርሳ ትሠራው ነበር። ብዙ ቆምኩ መሰለኝ፣ ከውጪ ሰልፍ አስከባሪው ጉሮሮውን ጠረገ። ጃንጥላው ላይ ምልክት አደረግኩ። ጃንጥላው የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ሰውዬውንም እስከ ዛሬ አይቼው አላውቅም። አንተ እንድትወድቅ ፈልጌ ነው። ካሸነፍክ እንስራው ከግድግዳው የማይወርድ መስሎኝ ነው።

ቤት ስገባ አልጠየቅከኝም። ራሴ ነኝ ሳልጠየቅ «እንስራው ላይ አድርጌልሃለሁ» ያልኩህ። ቀና ብለህ አየኸኝና «እግዜር ይስጥልኝ አስኩዬ» አልከኝ። ይህች ቃል ጨጓራዬ ላይ ስንት ዓመት እንደተቀመጠች ባወቅክ!

ከመጀመሪያው በባሰ ወደቅክ። ሳምንት ሳይሞላ ተነሥቼ አፈጠጥኩብህ። የት እንደተወለድኩ እኔን ሳትጠይቅ ዳግመኛ እንዳትጽፍ፣ እንዳትሥል፣ እንዳትናገር አልኩህ። አልተከራከርክም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረህ «መድኃኔ ዓለምን አልናገርም» ብለህ ማልክልኝ። የተረፉትን ወረቀቶች ራሴ ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ ፓርላማውም ተዘጋ። እነዚያን የመጀመሪያ ዓመታት አንተም እዚያ ሆነህ ማስታወስ የምትፈልግ አይመስለኝም። ስለ ምርጫ የሚያስብ አልነበረም፤ የወጣ ልጅ እስኪገባ ነበር የምናስበው። እናቶች ጠረጴዛህ ጋ እየመጡ ልጃቸው የት እንደታሰረ የሚጠይቅ ማመልከቻ ያስጽፉህ ነበር። ሌሎች ጸሐፊዎች ፈርተው እንቢ ሲሉ አንተ ጻፍክ፤ አንዳችም አልተቀበልክም። ስሄድ ስመጣ እንቅልፍ አጥቼ «ተው» እልህ ነበር። «ወረቀት እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ትለኝ ነበር። ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ካንተ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ኋላ የሸንጎ ምርጫ ሲባል ቀበሌው ሦስት ዕጩ እንዲቀርብ አደረገ። አንደኛው የፓርቲው ሰው፣ ሁለተኛው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ሦስተኛው አንተ። ሰዉ ሁሉ ማን እንደሚገባ ያውቃል፤ እናንተ ሁለታችሁ አጃቢ ናችሁ። ሙዘሚል ሱቁ ደጃፍ ላይ «ጋሽ ታደሰ፣ አንተ እኮ ሚዜ ነህ» ቢልህ «ሚዜስ ሠርግ ቤት ይገባ የለ?» አልከው። መንደሩ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል፣ ግራ ቀኙን አይቶ። አንተ ግን ኮትህን አስተኮስክ። ስብሰባው ላይ ሌሎቹ ስለ አብዮቱ ተናግረው ሲቀመጡ አንተ ስለ ቦኖ ጀመርክ። ቧንቧው የት ጋ እንደቆመ፣ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ፣ ማን እንደፈረመበት። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን በእጁ መታ፤ ቀጠልክ። ደግሞ መታ፤ «ስለ ሰጣችሁኝ ሰዓት አመሰግናለሁ» ብለህ ተቀመጥክ። እኔ ከኋላ ሆኜ ፈራሁልህ፤ እዚያው ግን ኮራሁብህ። ይህንንም አልነገርኩህም።

ያን ጊዜ ምልክትህን ኮሚቴው ነበር ያደለህ፤ ዝሆን ደረሰህ። ዝሆኑ ላይ አደረግኩ። በማርታ እምላለሁ፣ ዝሆኑ ላይ ነው። ስምህንም አነበብኩት፤ «ታደሰ» የሚለውን ጣቴን አስኬድኩበት። ሁለተኛ ወጣህ ተባለ፤ ስንት እንዳገኘህ አልተነገረንም። አንድ ሳምንት ሙሉ «ሁለተኛ!» እያልክ ቤቱን ዞርክበት፤ ከሦስት ሁለተኛ መውጣት እንደ ሹመት ሆነልህ። ከዚያ በወራት ውስጥ ልብህ አመመህ፤ ጳውሎስ ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኛህ። በአሥረኛው ቀን አጠገብህ ለተኙት ሽማግሌ የጡረታ ማመልከቻ በቃልህ አጻፍከኝ። ሁለት ቦታ ተሳስቼ አረምከኝ።

ቀብርህ ላይ የመጣው ሰው! ድንኳኑ አልበቃ ብሎ እስከ አስፋልቱ ቆመ። የቀበርክላቸው ሁሉ መጡ። ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ኮትህ አስከሬን የተሸከመላቸው ቤቶች ልጅ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። እዚያ መካከል ወርቄ መጣች። ከቀጨኔ በእግሯ ነው የመጣችው፤ እጅዋ ላይ ጭቃው አልለቀቀም። ደጁ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን መታች። ሰው ዞር ዞር አለ። እማማ ድንቄ አጠገቤ ነበሩ፤ «ማናት ይህቺ?» አሉኝ። እኔ በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆኜ፣ ባሌን በዚያው ቀን አፈር አልብሼ መጥቼ፣ «የሸክላ ደንበኛዬ ናት» አልኩ።

ወርቄ ሰማች። ለቅሶዋን አቆመች፤ ነጠላዋን አጣፋች፤ ተነሥታ ሄደች። አርባህ ላይ አልመጣችም። አዲሱ ገበያ ብሄድ ቦታዋ ላይ ሌላ ሴት ሽንኩርት ዘርግታለች።

እንዲህ ሆኜ ስድስት ወር ተቀመጥኩ። ከዚያ ሙዘሚል መጣና አንተ የጻፍክለትን የድሮ ማመልከቻ ግልባጭ ፈለገ፤ ካርቶንህን ጎትቼ ስፈልግለት በካርቦን የታተሙ ሦስት ወረቀቶች ወጡ። «የዕጩ የሕይወት ታሪክ» ይላል ከላይ። ለሸንጎው በየግድግዳው የተለጠፈው ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ረቂቅ። ቀስ እያልኩ አነበብኩ። ከመካከሉ አንድ መስመር አለ፤ «ባለቤታቸው ወ/ሮ አስካለ ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው» ይላል። በቀይ ተሰርዟል። ከዳር ደግሞ በእርሳስ፣ በዚያች በምትቸኩልበት ጊዜ በምትጽፋት ጽሕፈት፣ «ቃል ሰጥቻታለሁ። ይውጣ።»

ሙዘሚልን ጠየቅኩት፤ እሱ የምርጫ ኮሚቴው ውስጥ ነበረ። አላመነታም። «እኔ አለሁበት እትዬ አስካለ፤ መስመሯን የጻፉት ሌሎቹ የኮሚቴው ሰዎች ናቸው» አለኝ። «ጊዜው የጭቁኖች ነው፣ ይህችን ካስገባህ ቀጨኔ ሙሉ በሙሉ ይገለበጥልሃል፣ ያንን የፓርቲውን ሰውዬ ልታሰጋው ትችላለህ አሉት። ጋሽ ታደሰ እስክሪብቶ ተበደረና ሰረዘው። የሚስቴን ነገር ሚስቴ ትናገር አለ።»

ሙዘሚል ከሄደ በኋላ አለቀስኩ። በቀብርህ ቀን ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። እኔ የደበቅኩት ነገር ያን ጊዜ ድምፅ የሚያመጣ ሆኖ ነበር፤ ዕድሜህን ሙሉ ወደፈለግከው ቦታ ምናልባት የሚያስገባህ እሱ ነበር፤ አንተ ለእኔ ብለህ ተውከው። እኔ ደግሞ ለራሴ ብዬ አንዲት ድምፄን ነፈግኩህ። ታውቅ ነበር ይሆን? ዝሆኑ ላይ ማድረጌን ስነግርህ «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው ያልከኝ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አላልክም። ይህን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ምንም አይገኝበትም።

በነጋታው ተነሥቼ ቀጨኔ ወረድኩ። ንግሥ አልነበረም፤ ተራ ማክሰኞ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ያገኘኝን ሁሉ ሰላም እያልኩ። ወርቄ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትሠራለች። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጠጠር የመሰለችው ማለስለሻ ድንጋይ እንደ ድሮው ከጎኗ ነበረች፤ አንሥቼ ግማሽ የደረቀ እንስራ ጉያዬ አስገባሁና ማለስለስ ጀመርኩ። ሃያ አምስት ዓመት ሸክላ አልነካሁም፤ እጄ ግን አልረሳውም ነበር። በኋላ ዓይኗን ሳታነሣ «ጎኑን አታጎድጉጂው» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። በዚህ ታረቅን።

ገበያ ለምን እንደቀረች የነገረችኝ ያን ዕለት ነው። ምክንያቱ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ግማሹ እኔ ነኝ፣ ግማሹ ጀሪካን ነው። ሰዉ ሁሉ አሁን ቢጫ ጀሪካን ይዞ ነው ቦኖ የሚሰለፈው፤ አይሰበር፣ አይከብድ። አንተ ውሃውን አመጣህ፣ ጀሪካኑ እንስራውን አባረረው። ወርቄ ይህን ስትለኝ ሳቀች፤ የመንደሩ ወጣቶች ከእንግዲህ ምልክታችን ጀሪካን ነው ይላሉ አለችኝ።

ለሙት ዓመትህ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ከዋዜማው ጀምራ መጣች፤ ማድቤት ገባች፣ ቡኮ አቦካች፣ ሽንኩርት ላጠች። የዕድሩ ሴቶች ሲሰበሰቡ ከጎኔ አስቀመጥኳትና ተነሣሁ። ንግግር አላውቅም፤ እንዳንተው ጊዜ ጠረጴዛ የሚመታ ሊቀ መንበርም አልነበረም። «ይህቺ ወርቄ ናት፤ የእናቴ ልጅ ናት። እኔም የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ቀብር ላይ ደንበኛዬ ናት ያልኩት ዋሽቼ ነው» አልኩና ተቀመጥኩ።

አንዲት ሴት፣ ስሟን አልጽፍም፣ ሳህኗን ሳትነካ አስቀምጣ ወጣች፤ ሌላ ሁለት ተከተሏት። እማማ ድንቄ አልተነሡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከእንስራው ጊዜ ጀምሮ እናውቃለን እኮ ልጄ፤ አንቺ ካልተናገርሽ እኛ ምን ብለን እንናገር?» አሉኝ። ያኔ ልጃቸውን እኔ ጋ መተው ያቆሙት አያቷ ከገጠር መጥተው ስለሚይዟት እንደነበረም ነገሩኝ። እውነት ይሁን የኋላ ይሉኝታ አልመረመርኩም። ከእኛ ድስት ጨልፈው በሉ፤ ለእኔ ይህ በቃኝ። ማርታ ከአክስቷ ልጆች ጋር ስትሳሳቅ ውላ ማታ «ለምን እስከ ዛሬ?» አለችኝ። እንዲያው አቀፍኳት።

የወጡት ሴቶች ገና አልተመለሱም። ቦኖ ላይ ስንገናኝ ሰላም እላቸዋለሁ፤ አንዷ ትመልሳለች።

ያለሰለስኩት እንስራ ከእሳት ደህና ወጣ። ትናንት ድንኳኑ ሲነሣ እኔና ወርቄ ተሸክመን ወደ መቃብርህ ሄድን፤ ራስጌህ አጠገብ መሬቱን ጥቂት ጎድጎድ አድርገን አቆምነው። አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ ወረቀቱ አልጠመመም። ዘበኛው መጣና «እማማ፣ እዚህ ይህን ማስቀመጥ ልማድ አይደለም፤ ምንድን ነው ልበል?» አለኝ። «የባሌ የምርጫ ምልክት ነው» አልኩት። ቆቡን አወለቀና ሄደ።

ታዴዬ፣ በየዓመቱ በመድኃኔ ዓለም እየመጣሁ ከቦኖው ቀድቼ እሞላዋለሁ። እኔ ባልችል ማርታ ትሞላዋለች፤ አስምያታለሁ። ስለ ምርጫህ የሚስቅ ሲገኝ ሦስቱንም ጊዜ አስረዳዋለሁ፤ ፋኖሱንም፣ ዝሆኑንም። ስለ ሁለተኛው ሲጠይቀኝ ደግሞ ስለ ጃንጥላው አልዘልም። እናገራለሁ።

ይቅር በለኝ። ቆጠራው ካለቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ግን አንተ ዘግይቶ የመጣ ወረቀት መልሰህ አታውቅምና ይህንን ተቀበለኝ። እንስራው ላይ አንድ ድምፅ አለህ።

አስካለ፣ የቀጨኔዋ